አንድ ቁልፍ ፍለጋ ፒያሳ

ባለፈው ለጥምቀት ጎንደር ስገባ ሻንጣዬን እንኳ በቅጡ ሳላስቀምጥ እማዬ ሥራ ሰጠችኝ። ሹራቧ አንድ ቁልፍ ጎድሎታል። ያውም መሀል ላይ ያለው። «ፒያሳ ውጣና እንደዚህ ያለ አንድ አምጣልኝ፤ እነ ጋሼ ጋ አይጠፋም» አለችኝ።

እነ ጋሼ ጋ! ሱቁ ከተዘጋ ስንት ዓመቱ። እሷም ሰምታለች። ግን ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ፒያሳ ስለማትወጣ እሷ ዘንድ ፒያሳ ያኔ ትታው እንደመጣችው ነው። «ተዘግቷል እኮ» ማለት ከበደኝ። ለናሙና ከሹራቡ ላይ የመጨረሻውን ቁልፍ ቆርጣ በመሀረብ ቋጥራ ሰጠችኝና ወጣሁ።

ጎንደርን ለማታውቁት፣ ፒያሳ ስሙን ያገኘው ከጣሊያን ነው። በ1928 ገብቶ ፖስታ ቤቱን፣ ሲኒማ ቤቱን፣ እነዚያን ማዕዘናቸው ክብ የሆነ ሕንፃዎች ሠራና በኅዳር 1934 እዚሁ ጎንደር ላይ የመጨረሻ ምሽጉን አስረክቦ ሄደ። ሕንፃውን እሱ ይሥራው እንጂ ሱቅ ያደረገው የእኛ ሰው ነው።

የእነ ጋሼ ሱቅ በሩ አናት ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ስም ነበረው። በስሙ የጠራው ሰው ግን አላውቅም። (እዚህም አልጽፈውም፤ ልጆቹ አሉ፣ ፌስቡክም ይጠቀማሉ።) ስትገባ መጀመሪያ የሚቀበልህ ሽታው ነው። የሳሙና፣ የሰንደል፣ የአዲስ ፕላስቲክ ጫማ ሽታ አንድ ላይ። ባንኮኒው መስታወት ነበር፤ ጥጉ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተለጥፏል። ከመስታወቱ ሥር ሚዶ፣ ኩል፣ ምላጭ፣ የእጅ ሰዓት፣ እርሳስ መቅረጫ፣ ቢክ እስክሪብቶ። ከኋላ መደርደሪያው ላይ ፋኖስ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ቴርሞስ፣ የዳንቴል ክር በየቀለሙ። ጣሪያው ላይ ደግሞ የልጆች ጫማ በማሰሪያው ተንጠልጥሏል። አንዳንዱ ዕቃ ከመተማ ማዶ ከሱዳን የመጣ ነው። እንዴት እንደመጣ አይጠየቅም።

የእኔ ዓይን ግን ሁልጊዜ የኒዶ ቆርቆሮዎቹ ላይ ነበር። አምስት ወይም ስድስት ይሆናሉ፣ ሁሉም ቁልፍ የሞላባቸው። እማዬ ናሙናውን ስትሰጠው ጋሼ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ቁልፏን መዳፉ ላይ ያገላብጣታል። ምንም ሳይናገር አንዱን ቆርቆሮ አውርዶ ሰሃን ላይ ይገለብጠዋል፤ ሻሻሻ የሚል ድምፅ አለው። ከዚያ በሌባ ጣቱ ልክ ምስር እንደሚለቅም ሰው እየገፋ፣ እየገፋ፣ አንዷ ላይ ይቆማል። «ይቺት።» ዋጋው ሽልንግ። አዎ ሃምሳ ሳንቲም፣ ለአንድ ቁልፍ።

ያላለቀ ነገር ግን አለ። ቁልፏን ከመስጠቱ በፊት ከክር ማዞሪያው ላይ ቀለሙ የሚመሳሰል ክር ይመዛል። ሁለት ክንድ ያህል። በጥርሱ ይበጥስና ቁልፏ ላይ ጠምጥሞ «ክሩ ምራቂ ነው» ይላል። ሁልጊዜ። እማዬም ሁልጊዜ እንደማታውቅ ሆና «ኧረ እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች።

ለሽልንግ ቁልፍ ይሄን ያህል ሥራ። ዛሬ የትኛው ነጋዴ ነው ለአንድ ቁልፍ ሰሃን የሚገለብጥ?

ይሄ የፒያሳው ነው። የሰፈሩ ሱቅ ሌላ ዓለም ነው። ማራኪ፣ እኛ ቤት አጠገብ፣ የቆርቆሮ ኪዮስክ ነበረች፤ እትዬ ከትንሽ መስኮት አንገቷን ብቻ አውጥታ የምትሸጥባት። እዚያ ሙሉ ነገር የሚገዛ ሰው አልነበረም። ዘይት በሲኒ። ቡና በስሙኒ። ኒያላ ሲጋራ በፍሬ። ሳልሳ ደግሞ ከተከፈተው ጣሳ በማንኪያ ተዝቆ በላስቲክ፤ ቤት እስክትደርስ ግማሹን በጣትህ ልሰሃታል። ሳሙና እንኳ በክር ለሁለት ተቆርጦ ሲሸጥ አይቻለሁ። ድህነት ነው በሉት፣ ነበርም። ግን ስሙኒ ይዞ የሄደ ሰው አፍሮ አይመለስም ነበር።

ስኳር የሚጠቀለለው በደብተር ወረቀት ነው። እትዬ ያለቀ ደብተር በኪሎ ትገዛለች። አንዱን ገጽ ትገነጥልና በአውራ ጣቷ እንደ ቀንድ ታዞረዋለች፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ታጥፋለች፣ ስኳሩን ትሞላና አፉን ትደፍነዋለች። አንድ ቅንጣት አይፈስም። እኛ የመንገድ መብራት ሥር ቆመን ጥቅልሉን እያዞርን እናነበው ነበር። የሌላ ሰው ፍቅር ደብዳቤ፣ የሌላ ሰው የታሪክ ማስታወሻ። አንድ ቀን ግን እህቴ ስኳር ገዝታ መጣች፣ እማዬ ስኒው ላይ ልትገለብጥ ወረቀቱን ፈታችው፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ እንደገና ወረቀቱን አየች። የእኔ የሒሳብ ፈተና። ከ10፣ 2። በቀይ። ከአንድ ወር በፊት «መምህሩ አልመለሰልንም» ያልኩት። ደብተሬን ከነፈተናው ለእትዬ የሸጥኩት እኔው ነኝ፤ በብሩም ባናና ማስቲካ በልቼበታለሁ። ስለ ዱላው አልተርክም።

ዱቤው ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። መስኮቷ ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ከጽሑፉ ሥር ግን የዱቤው ደብተር በሲባጎ ተንጠልጥሏል። ሲናርላይን፣ ጠርዙ በቅባት የወረዛ። ለየቤቱ ሁለት ሁለት ገጽ። የሰው ስም አትጽፍም፤ እኛ «አስተማሪው ቤት» ነበርን። ጎረቤታችን «ላሟ ቤት»። ላሚቱ ከሞተች በኋላም «ላሟ ቤት» ናቸው።

አባዬ ደመወዝ ሲቀበል መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው። ችግሩ ጳጉሜ ላይ ነው። ጳጉሜ ደመወዝ የላትም። ዶሮውም፣ ቅቤውም፣ የእኛ ደብተርና ጫማም እዚያው አምስት ቀን ውስጥ ይመጣሉ፤ አራት ዓመት ጠብቃ ስድስት ስትሆንማ ጉድ ነው። በጳጉሜ አባዬ በእትዬ በር ላለማለፍ በላይኛው መንገድ ይዞራል። እትዬ ይሄን ታውቃለች። አንድ ጊዜ እኔን ጠርታ «ለአባትህ እንዲህ በለው፦ መንገዱ የመንግሥት ነው፣ በፊት ለፊቴ ይለፍ፤ የመስከረም ደመወዝ እስኪደርስ አልናገረውም» አለችኝ። ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፣ ከዚያ ሳቀ። በማግስቱም በፊት ለፊቷ አለፈ፤ ቆሞም ሰላም አላት።

ስልክም ነበራት። የሰፈሩ ብቸኛ ስልክ። ቁጥር ማዞሪያው ላይ ትንሽ ጓጉንቸር ቁልፍ ተቆልፎበታል፤ መቀበል ይቻላል፣ መደወል ግን በእሷ ፈቃድ ነው። አሜሪካ የሄደ፣ ሱዳን የቀረ፣ ሁሉም የሚደውለው እዚያ ነው። «ስልክ መጥቷል!» ብሎ የሚጮህ ልጅ ደስታ ከረሜላ ያገኛል። እንዴት እንደምንሯሯጥ። አንዳንዴ ግን እትዬ ራሷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በቀስታ ትመጣለች። ያኔ ማንም ከረሜላ አይጠይቅም። ሱቁም ሦስት ቀን ይዘጋል፤ ዘይት ያለቀበት ቤት ይቸገር እንጂ ልቅሶ ላይ ሆና ሱቅ አትከፍትም።

በነገራችን ላይ ሁሉ ነገር ማር ነበር እያልኩ አይደለም። እትዬ ላምባ በቀዳችበት እጇ ስኳር ትሰፍራለች፤ ልጅነቴን ሙሉ ሻይ የምጠጣው ላምባ ላምባ እያለኝ ነው። ጋሼም ቢሆን ልጅ ብቻውን ሲገባ ቆጥቶ ያባርራል። የሸጠልን ብስኩት አንዳንዴ ከእኔ በዕድሜ ሳይበልጥ አይቀርም። እማዬ ደግሞ እሱንም ቢሆን ተመስገን በሉ ባይ ናት። በደርግ ጊዜ በቀበሌው ኅብረት ሱቅ ለስኳርና ለሳሙና ካርድ ይዛ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፋለችና፣ መርጦ መግዛት ለእሷ ትልቅ ነገር ነው።

የጋሼ ሱቅ ሞቅ የሚለው ከጥር 11 በፊት ባለው ሳምንት ነበር። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ አይደል የሚባለው? ጎንደር ላይ ደግሞ ይሄ ተረት ሳይሆን መመሪያ ነው። ታቦታቱ ፋሲል መዋኛ እስኪወርዱ ድረስ ፒያሳ ልብስ ሰፊው አይተኛም፤ ጋሼም የኒዶ ቆርቆሮዎቹን ከባንኮኒው ላይ አያነሳቸውም። ባንኮኒው ፊት ሴቶቹ ሦስት ረድፍ ሆነው፣ ሁሉም በእጃቸው አንዳንድ ቁራጭ ጨርቅ ይዘው፣ «ከዚህ ጋር የሚሄድ!» እያሉ።

መቼ ጠፉ? አንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ቡቲኩ መጣ። ከዚያ የቻይና ሹራብ መጣ፤ ቁልፉ ሲወድቅ ሹራቡን መጣል የሚረክስበት። ኪራዩም ጨመረ። ሞባይል ሲመጣ የእትዬ ስልክ ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ዝም አለ። ጋሼ አረፈ፤ ልጆቹ ተምረዋል፣ ቁልፍ ሊለቅሙ አይቀመጡም፤ አልፈርድባቸውም፣ እኔም አልቀመጥም ነበር። የእትዬ ኪዮስክ መንገድ ሲሰፋ ተነሳች። አሁን ቦታው ላይ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ። ያምራል፣ አልዋሽም። ማታ ማታ ሰው ይንሸራሸርበታል።

ወደ ቁልፌ ልመለስ።

የእነ ጋሼ ሱቅ የነበረው አሁን የሞባይል ዕቃ መሸጫ ነው። በሩ ያው ነው፣ ያ ክብ ማዕዘን። ውስጡ ግን ነጭ መብራትና የስልክ ሽፋን ብቻ። ልጁ ትሁት ነው። «ምን ልታዘዝ?» አለኝ።

«ቁልፍ ፈልጌ ነበር።»

«የቤት ነው የመኪና? ቁልፍ የሚቀርጸው ልጅ ያውና፣ ከባንኩ ፊት ለፊት።»

መሀረቡን ፈትቼ አሳየሁት። አየው፣ ፈገግ አለ፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሹራብ ለብሷል፤ ዚፕ ነው ያለው።

ሁለት ሦስት ቤት ጠየቅሁ። ከዚያ ተስፋ ቆርጬ ግንቡን አለፍኩና ወደ አራዳ፣ ቅዳሜ ገበያ ወረድኩ። ልብስ ሰፊዎቹ መደዳ አንዷ ጋ ተገኘ። ቀለሙ ትንሽ ቢጠቁርም ይሆናል። «አንድ ስጪኝ» አልኳት።

«በደርዘን ነው።»

«አንድ ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ወንድሜ፣ አንድ ቁልፍ እንዴት ይሸጣል?» አለችኝ። ከልቧ ገርሟት ነው። ካርቶኑን አሳየችኝ፤ አስራ ሁለቱም በላስቲክ ተሰፍተው የታሸጉ። አንዱ ከተነሳ ሌላው አይሸጥላትም። እውነቷን ነው። ደርዘኑን ገዛሁ፣ በቴሌብር ላኩላት፣ ስልኳ ጪር ሲል ፊቷን ወደ ሌላ ገበያተኛ አዞረች።

ቤት ስገባ እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እየጠበቀችኝ ነበር። ካርቶኑን ተቀበለች። ቆጠረች።

«አንድ ብዬህ አስራ ሁለት?»

«እንደዚያ ነው የሚሸጡት።»

አሁንም አገላበጠችው። ከካርቶኑ ጀርባ አየች። ሽፋኑን ዘቀዘቀችና መዳፏ ላይ አራገፈችው።

«ክሩስ?»