ብርሃን ስጨምር ያጠፋሁት ዳሽቦርድ

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ጋራዥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። እጄን ያፍታታሁት ግን መርካቶ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በሚጠገንበት አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። በአንድ አባት መኪና ላይ ያሳሳተኝም ከዚያው ይዤው የመጣሁት ልማድ ነበር፤ ምስል ደበዘዘ ማለት ብርሃን አነሰ ማለት ይመስለኝ ነበር።

መኪናው እ.ኤ.አ. በ1986 የተሠራ ኮርቬት የሚባል ቀይ የስፖርት መኪና ነው። ባለቤቱ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ዋሽንግተን ሲገቡ ያገኙት የመጀመሪያ ሥራ መሃል ከተማ፣ ማቆሚያ ውስጥ የሰው መኪና እየተቀበሉ ማቆም ነበር። «አንድ ቀን እንዲህ ያለውን መኪና ቁልፍ ሰጡኝ። ሳስነሳው ፊቴ ያለው ሁሉ ቁጥርና ቀለም ሆኖ ቦግ ሲል አውሮፕላን ውስጥ የገባሁ መሰለኝ» አሉኝ። ልጆቻቸውን አስተምረው ከጨረሱ በኋላ ያገለገለ ፈልገው ገዙ። የገዙት ለዚያ ዳሽቦርድ ነው ማለት ይቻላል።

እውነትም የሚያምር ነገር ነው። ከ1984 እስከ 1989 የተሠሩት ኮርቬቶች ፍጥነትንም የሞተር ዙርንም በመርፌ አያሳዩም። በግራ ፍጥነቱ፣ በቀኝ የሞተሩ ዙር በቁጥር ይጻፋል፤ ባለ ቀለም መስመሮችም አብረው ከፍ ዝቅ ይላሉ። በ1990 ዳሽቦርዱ ሲቀየር ፍጥነቱ በቁጥር መጻፉን ቀጠለ፣ ሌላው አብዛኛው ወደ መርፌ ተመለሰ። ስለዚህ የሳቸውን ዓይነት የዳሽቦርድ ሰሌዳ ፋብሪካው መሥራት ካቆመ ቆይቷል።

ሰኔ ላይ፣ እዚህ ሙቀቱ መክረር ሲጀምር ይዘውት መጡ።

«ልጄ፣ መሃል መሃሉ ደበዘዘብኝ። የፀሐይ መነጽሬን ካደረግሁማ ጭራሽ ይጨልማል።»

«አምፖሉ አርጅቶ ነው ጋሼ» አልኳቸው። ገና ሳልፈታው፣ ቆሜ።

ባትሪውን አላቅቄ፣ የመሪውን ዘንግ ዝቅ አድርጌ፣ የዙሪያውን ሽፋን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትቼ ሰሌዳውን አወጣሁት። የኋላውን ክዳን ስከፍተው የኮምጣጤ ሽታ አፍንጫዬን ነካው። ያረጀ አቧራ ነው ብዬ አለፍኩት። ዛሬ ድረስ የሚቆጨኝ ያ ቅጽበት ነው፤ ብልሽቱ ራሱ ስሙን ነግሮኝ ነበር። አምፖሎቹን አወጣሁና በዋት ከፍ ያሉ አስገባሁ። መኪናውን ያስረከብኩትም ወደ ማታ ነው፤ በጨለማ ደግሞ ማንኛውም መብራት ያምራል። ቁጥሮቹ ፍክት ብለው ሲታዩ ጋሼ «እጅህ ይባረክ» ብለውኝ ሄዱ።

ነሐሴ ላይ ተመልሰው መጡ። የፍጥነት ቁጥሩ የሚጻፍበት ቦታ ላይ የስኒ ቂጥ የምታህል ቡናማ ጠባሳ ወጥታለች። በጠባሳው ውስጥ ምንም አይነበብም። «ከባልቲሞር እስከዚህ የፊቴን መኪና እያየሁ ነው የነዳሁት። እሱ ሲፈጥን እፈጥናለሁ፣ እሱ ሲቀንስ እቀንሳለሁ» አሉኝ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የጋራዡ ባለቤት ነገሩን ሲሰማ፣ ከወዳደቀ መኪና ላይ ሙሉውን ሰሌዳ ገዝተህ ቀይርላቸውና ገላግላቸው አለኝ። ቀላሉ መንገድ ያ ነበር። ነገር ግን በዚያ መኪና የተነዳው ማይል የሚመዘገበው እዚያው ሰሌዳ ውስጥ ነው፤ የሌላ መኪና ሰሌዳ ሲገባ የሌላ መኪና ዕድሜ ይዞ ይገባል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ደግሞ በዚህ ላይ ጥብቅ ነው። የማይል ቆጣሪ ሲጠገን ወይም ሲቀየር የነበረው ቁጥር እንዳለ መቆየት አለበት። ካልተቻለ ዜሮ ላይ ተደርጎ፣ የቀድሞው ማይልና የተሠራበት ቀን ተጽፎ በግራው በር መቃን ላይ ይለጠፋል። ያበላሸሁትን እኔው ልጠግነው ብዬ ወሰንኩ። ከመፍታቴ በፊትም የማይል ቁጥሩን ፎቶ አነሳሁ።

በዚህኛው ዙር ቸኩዬ አልነካሁትም። ሰሌዳውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ 12 ቮልት ሰጠሁትና ዝም ብዬ አየሁት። ጠባሳው የት ነው? ልክ ከአምፖሉ ፊት ለፊት። ከአምፖሉ ራቅ ያሉት ዳርቻዎች ጤነኛ ናቸው። እጄን ጠጋ ሳደርግ ሙቀቱ ይጋረፋል። ያን ጊዜ ገባኝ። ቁጥሩ የሚታይበት መስታወት በራሱ አይበራም፤ ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ እስካለ ድረስ አምፖሎቹ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን ከጀርባው ይነድዳሉ። ስንት ዓመት ሲጠበስ የኖረውን ነገር እኔ እሳቱን ጨምሬበት ነበር።

የተጠበሰው ምን እንደሆነ ለማወቅ የጋሼ መነጽር ረዳኝ። የዚህ ዳሽቦርድ የፈሳሽ ክሪስታል ስክሪን (ኤልሲዲ) በሁለት ስስ ፊልሞች መካከል የተቀመጠ መስታወት ነው። ፊልሞቹ የሚያሳልፉት በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ ነው። የኋላው ፊልም ብርሃኑን ያጣራዋል፤ ክሪስታሉ ኤሌክትሪክ ሲያገኝና ሳያገኝ ብርሃኑን የሚጠመዝዝበት መጠን ይለያያል፤ የፊተኛው ፊልም ከዚያ አንዱን ያግዳል ሌላውን ይለቃል፣ ቁጥርም ይወጣል። አንዱ ፊልም ከሞተ መስታወቱ በሙሉ ጤንነት እየሠራ ዓይን የሚያየው ነገር አይኖርም። አንዳንድ የፀሐይ መነጽርም የሚሠራው ከዚሁ ዓይነት ፊልም ነው። ጋሼ በመነጽራቸው ሲያዩት የሚጨልመው ለዚህ ነው፤ የነገሩኝን ሰምቼ አንዴ ብጠይቅ ኖሮ ያን ዕለት እዚህ እደርስ ነበር።

የኋላውን ፊልም በፀጉር ማድረቂያ ለብ እያደረግሁ፣ በምላጭ ጥጉን አንስቼ ቀስ ብዬ ላጥኩት። ኮምጣጤው ክፍሉን ሞላው። ይህ ፊልም አዮዲን የጠጣ፣ ተለጥጦ የተወጠረ ፕላስቲክ ነው፤ አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ኤድዊን ላንድ በ1938 ያገኘው ዘዴ። የሚያለብሰው አሲቴት የሚባል ፕላስቲክ በሙቀትና በእርጥበት ሲፈርስ የሚለቀው አሲድ ኮምጣጤ ውስጥ ያለው ያው አሲድ ነው። ከዚያ የጋሼን መነጽር ከመኪናው አምጥቼ አንዱን መስታወቱን በአምፖሉና በስክሪኑ መካከል ያዝኩት። ጠባሳው በነበረበት ቦታ ዜሮዋ ጥርት ብላ ወጣች። ቴሌቪዥን ከፍቼ መጠገን ከጀመርኩ ጀምሮ እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አዲስ ፊልም አዝዤ እስኪመጣ ድረስ ሙጫውን ማጽዳቱ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ጥጥ በአልኮል እየነከሩ ማሸት ነው፤ ከበረታህ መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ ፈሳሹ ወደ ጠርዝ ከሄደ መገናኛዎቹን ይነካል። ፊልሙ ሲደርስም ወዲያው አልለጠፍኩትም። ሳልቆርጠው አብርቼ ከኋላው አዞርኩት። በአንዱ አቅጣጫ ጀርባው ብርሃን ቁጥሩ ጥቁር ሆነ፤ ሩብ ዙር ሳዞረው ጀርባው ጠቆረ፣ ቁጥሩ በራ። ትክክለኛውን አቅጣጫ በእርሳስ ምልክት አድርጌ ቆረጥኩ። የፊተኛውንም አብሬ ቀየርኩት፤ እሱም ዕድሜው ያው ነውና። አምፖሎቹን ወደ ፋብሪካው ዋት መለስኳቸው።

ጋሼን በዚህ ጊዜ የጠራኋቸው እኩለ ቀን ላይ ነው። መኪናውን ፀሐይ ላይ አወጣሁትና ራሳቸው እንዲያስነሱት ቁልፉን ሰጠኋቸው። ቁጥሮቹ ተራ በተራ ወጡ። ማይሉን ከፎቶው ጋር አስተያየን፤ ያው ነው። ስለ መጀመሪያው ጥገና የከፈሉትን ገንዘብ በፖስታ አድርጌ ስሰጣቸው አልቀበልም አሉ።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ አልጠገንኩትም። አቃጠልኩት» አልኳቸው።

ትንሽ ቆይተው ፖስታውን ተቀበሉና የፊልሙን ዋጋ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ ከዚያው ፖስታ ቆጥረው ሰጡኝ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ሰሌዳውን አዩና መልሰው አወለቁት።

«አሁንም ይጨልማል» አሉኝ።

«እሱ ጤነኛ ስለሆነ ነው» አልኳቸውና ከመስኮቱ አጎንብሼ ምክንያቱን ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋቸው። ሞተሩን አጥፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።