አውራ ጣቷ ላይ ያለችው ፕላስተር

ሐሙስ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ነው። የሐኪሞቹ ራውንድ አልቆ ዋርዱ ትንሽ ረገብ ብሏል። ቡና የምንጠጣው በዚህ ሰዓት ነው፤ ቡና ስላችሁ በፔርሙዝ መጥቶ መድኃኒት ማዘጋጃ ክፍል ውስጥ ቆመን የምንጨልጠው። ከነርሶቼ አንዷ፣ ወጣቷ ልጅ፣ ሲኒውን ስትቀበለኝ ግራ አውራ ጣቷ ላይ ፕላስተር አየሁ።

"ምን ቆረጠሽ?" አልኳት፣ እንዲሁ ለወሬ።

"ሽንኩርት ስከትፍ ነው ሲስተር።"

ይህን ስትል ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሽንኩርቱ ደግሞ አጠገባችን አልነበረም።

በሩን ዘጋሁት። ቀስ በቀስ አወጣችው። ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። ለ34 ታካሚ ሁለት ነርስ ነበሩ። ጓደኛዋ ትንፋሽ ያጠራቸው አዛውንት ጋ ኦክስጅን ይዛ ቆማለች። እሷ ለጠዋት ላብራቶሪ ደም ትቀዳለች። ሴፍቲ ቦክሱ፣ ያገለገለ መርፌ የምንጥልበት ሳጥን፣ እስከ አፉ ሞልቶ መርፌዎቹ ወደ ውጭ አፍጥጠዋል። ሦስት አራተኛው ሲሞላ መዘጋት ነበረበት፤ መቀየሪያው ግን ስቶር ነው ያለው፣ ስቶሩ ደግሞ ማታ ይቆለፋል። የት ትጣለው? የመርፌውን ክዳን መልሳ ልትገጥም ስትል መርፌው ክዳኑን ስቶ ጣቷ ውስጥ ገባ።

በውኃና በሳሙና ታጠበች፣ ፕላስተር ለጠፈች፣ የቀሩትን ታካሚዎች ደም ቀድታ ጨረሰች። ለማንም አልተናገረችም።

እኔ በልቤ ሰዓት እቆጥራለሁ። የኤችአይቪ መከላከያው፣ ፔፕ የምንለው፣ በተወጉ በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ነው የሚመረጠው። 72 ሰዓት ካለፈ አይጀመርም። ቆጠርኩ፤ 54 ሆኗል። "የታካሚው ምርመራስ?" አልኳት። ሰውየው ረቡዕ ከሆስፒታል ወጥተዋል፣ ቻርታቸው ላይ የኤችአይቪ ውጤት የለም። እሷ ቤቷ ሆና ሁለት ሌሊት ያንን ቻርት በሐሳቧ ስትገልጥ አድራለች።

እጇን ይዤ የኤችአይቪ መድኃኒት ወደሚሰጥበት ኤአርቲ ክሊኒክ ሄድን። ኮሪደሩ ላይ የሄፓታይተስ ቢ፣ የጉበት ቫይረሱን፣ ክትባቷን ጠየቅኳት። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነው የወሰደችው፤ ለሁለተኛው ስትሄድ "አልቋል" ተብላ በዚያው ቀረች። ሁላችንም ስንወጋ የምንፈራው ኤችአይቪን ነው። መርፌው ቫይረሱ ያለበት ሰው ደም ነክቶ ቢሆን እንኳ፣ በአንድ ውጊያ ኤችአይቪ የመያዝ ዕድል ግን ከ1,000 3 ያህል ነው። ሄፓታይተስ ቢ ግን እንዲሁ ሲሆን፣ ያልተከተበ ሰው ላይ ከ100 እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። ለዚያኛው ክትባት አለው፣ እኛ ደግሞ ክትባት ሰጪዎቹ ነን። ይኼ ሁሌም ያናድደኛል።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

ዝም አለች። ከዚያ መሬት መሬት እያየች፣ "ባለፈው እሷን ምን እንዳሏት ሰምቻለሁ ሲስተር" አለችኝ።

"እሷ" ማን እንደሆነች ለማስታወስ ጊዜ ወሰደብኝ። ከሁለት ወር በፊት ሌላ ነርስ ልክ እንዲሁ ተወግታ ነግራኝ ነበር። እኔም በጠዋቱ ሪፖርት ላይ፣ 11 ሰው ፊት፣ "አራት ዓመት የተማርሽው መርፌ መክደን ነው እንዴ?" አልኳት። ሰው ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ማስተማሬ ነበር። እኔንም ያሳደጉኝ እንዲሁ ነው፤ አንዷ ማትሮን፣ የነርሶች አለቃ፣ ቻርት ወርውራብኛለች፣ ኋላ ላይ ይህንን እንደ ጀብድ እያወራሁ ኖሬያለሁ። እኔ ያቺን ጠዋት በቀትሩ ረስቻታለሁ። ይቺ ልጅ ግን ጥግ ላይ ቆማ ትምህርቱን ወስዳለች፦ ብትወጊም ዝም በይ።

የክሊኒኩ በር አጠገብ ግድግዳው ላይ ያ የምታውቁት ጽሑፍ አለ፦ "ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ የጤና ባለሙያ"። በ2008 የጤናው ዘርፍ ዕቅድ ሲወጣ ከተሰቀሉት አንዱ ነው። ስንት ዓመት በሥሩ አልፌያለሁ። ሁሌም ለታካሚው የተባለ ይመስለኝ ነበር።

መድኃኒቱን ጀመረች። 28 ቀን። የመጀመሪያዋን ሳምንት ማቅለሽለሹ አላስቆም ብሏት ከናይት አወጣኋት። የሚተካት ለማግኘት የለመንኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። የደመወዙንና የዲዩቲ ክፍያውን ነገር ሌላ ቀን እናወራዋለን።

ከዚያ ያደረግናቸው ነገሮች ትንንሽ ናቸው። ማታ ዋርዱ ውስጥ ሁለት ባዶ ሴፍቲ ቦክስ ያድራል። ከፋርማሲና ከኤአርቲ ክሊኒኩ ጋር ተነጋግረን ለ3 ቀን የሚሆን የፔፕ መጀመሪያ ቁምሳጥናችን ውስጥ ተቀመጠ፤ ክሊኒኩ ሲዘጋ የተወጋ ሰው እስኪነጋ አይጠብቅም። የአደጋ መመዝገቢያው ፎርም የመጀመሪያ መስመር "ጥፋቱን የፈጸመው ባለሙያ ስም" ነበር የሚለው። በእስክሪፕቶ ሰረዝኩትና "የተወጋበት ሰዓት" ብዬ ጻፍኩበት። የከበደኝ ሌላው ነው። እነዚያው ሰዎች ፊት፣ በዚያው የጠዋት ሪፖርት ላይ፣ የሰደብኳትን ነርስ ይቅርታ ጠየቅኳት። ይቅርታ ለአለቃ እንደ ኮሶ ነው። ማንም አላጨበጨበም፤ ሁሉም ጫማውን ነበር የሚያየው።

የልጅቷ ምርመራ በ6 ሳምንትም በ3 ወርም ነፃ ሆነ። ክትባቷንም ጨረሰች።

ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ ኳሊቲ ክፍል ተጠራሁ። ኃላፊው ወረቀቱን እያየ፣ "5 የመርፌ አደጋ። ባለፈው ሩብ ዓመት ዜሮ ነበራችሁ። ምን ነካችሁ?" አለኝ። ድሮም እንወጋ እንደነበር፣ አሁን የተለየው መናገራችን እንደሆነ አስረዳሁት። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ከዚያ ከስማችን ፊት ለፊት "የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል" ብሎ ጻፈ። ፎቅ ላይ ያለው ዋርድ ግን በድጋሚ ዜሮ ነው፤ በግምገማው ቀን የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። እኔም አጨበጨብኩ።

በዚያው ሳምንት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ፣ ልወጣ ጋውኔን እየሰቀልኩ ሳለ አንድ ልጅ በሩ ላይ ቆመ። የፎቁ ዋርድ ነርስ ነው። ግራ እጁን ከኪሱ አላወጣም።

"ሲስተር፣ ያ መድኃኒት እናንተ ጋ አለ አሉ" አለኝ፣ ወደ ኋላው እያየ።

ጋውኔን መልሼ ለበስኩ። "ስንት ሰዓት ላይ ነው?" አልኩት።