ሻይ ሻይ ወተት

ዛሬ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ከሥራ ስወጣ ቤት መግባት አስጠላኝ። ዝናቡ፣ ብርዱ፣ ሁሉም ነገር። ጥግ ላይ ያለችው ካፌ ገባሁና ሰሌዳው ላይ ዓይኔ ያረፈበትን "ቻይ ቲ ላቴ" አዘዝኩ። ልጅቷ ስሜን ጠይቃ ኩባያው ላይ እንዳሻት ጻፈችው። (ለምጄዋለሁ።)

ፉት እያልኩ ነው ድንገት የመጣብኝ። ቻይ ማለት ሻይ ነው። ቲም ሻይ ነው። ላቴ ደግሞ በጣልያንኛ ወተት። ስድስት ዶላር ከፍዬ ሻይ ሻይ ወተት እየጠጣሁ ነው ማለት ነው! ሕንዶቹ እኮ የቅመሙን "ማሳላ ቻይ" ነው የሚሉት፤ ቅመሙ ማሳላ ነው። ፈረንጅ ቅመሙን ከስሙ ጥሎ ሻዩን ሁለቴ ጠራው።

ሁለቱም ስም የመጣው ከቻይና ነው፣ እዚያ የሚጻፉትም በአንድ ምልክት ነው። አብዛኛው አገሬው "ቻ" ሲል የፉጂያን ጠረፍ ሰዎች "ቴ" ይላሉ። በ17ኛው መቶ ዘመን ሆላንዶች ቅጠሉን ከፉጂያን ነጋዴዎች ሲገዙ "ቴ" አብሮ መርከብ ላይ ተጫነ፣ እንግሊዝም ፈረንሳይም ጋ በዚያው ደረሰ። "ቻ" በየብስ ሄዳ ፋርስ ላይ "ቻይ" ሆነች። ዐረቦች "ቸ" የላቸውም፣ "ሻይ" አሏት። እኛ ግን "ቸ" መች አጣን? ቸር እንላለን፣ ቸኮለ እንላለን፣ ችግርማ በየቀኑ ነው። ከዐረብ አፍ ባንቀበላት ኖሮ እኛም ቻይ ባልን ነበር።

ከዚህ በኋላ ማን ያቁመኝ፣ እማዬ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ገባሁ። ቀረፋውን በእጇ ቀሽ ታደርገዋለች። ሄሉን በዘነዘና አንዴ ብቻ ትነካዋለች፣ እንዲሰነጠቅ እንጂ እንዲደቅ አይደለም። ቅርንፉዱን ትቆጥራለች፦ ሦስት፤ አራተኛው አፍ ያደነዝዛል ባይ ናት። ስማቸውን አንድ በአንድ ሳስበው ቀረፋ ዐረብኛ፣ ቅርንፉድ ዐረብኛ፣ ሄል ዐረብኛ፣ ጉንፋን ሲይዘን የምትጨምረው ዝንጅብልም ያው። የአገራችን ልጅ ኮረሪማ ወጥና ቡና ላይ ቀረች፣ ሻይ አልተጠራችም፣ እኛ ቤት ቢያንስ። የኛ የምለው ውሃውንና "ቅመም" የሚለውን ቃል ነው። ቀመመ፣ አዋሐደ። ፋርማሲስቱንም መድኃኒት ቀማሚ እንለው የለ? እማዬ እንግዲህ ያለ ዲፕሎማ ስትቀምም ኖራለች።

ልደውልላት ስልኬን አወጣሁ። እሷ ጋ ሌሊት ሰባት ሰዓት ነው። መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ቅድም ምን ነበር የከፋኝ? አንድ ነገር ነበር፣ መቼም ዝናቡ ብቻ አይደለም።

ልጅቷ ሌላ ልጨምርልህ ወይ አለችኝ። ይህን ሁሉ ፈላስፌ፣ አፌን ሞልቼ "ቻይ ቲ" አልኳት።