የሰው ሽጉጥ በእጄ

የዒላማ ሽጉጥ ልገዛ ነው ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የማየው እጁን ነው። እኔ የአየር ሽጉጤን፣ ማለትም በታመቀ አየር የሚተኩሰውን የዒላማ ሽጉጥ፣ የገዛሁት ጓደኛዬ በእሱ አይነት ጥሩ ሲተኩስ አይቼ ነበር፤ እጀታው ግን ለትልቅ መዳፍ የተሠራ ስለሆነ የኔ ጣት ምላጩን የሚነካው በጫፉ ብቻ ነው፣ በሳብኩት ቁጥር አፈሙዙ ወደ ግራ ይሸሻል፣ ክረምቱን ሙሉ ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ስበሳጭ ከረምኩ።

ባዶ መሆኑን አረጋግጡና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ወደ ዒላማው አንሱት። ስትገልጡ የፊትና የኋላው ማነጣጠሪያ ካልተሰለፈ እጀታው አልሆናችሁም። የእንጨት ከሆነ ተሞርዶ ይስተካከላል፣ እኔም በመጨረሻ በአውራ ጣቴ ሥር ጥቂት አስሞረድኩ።

ክብደቱንም እዩ። በ10 ሜትር ውድድር እስከ 1.5 ኪሎ ይፈቀዳል፤ ግን በአንድ እጅ 60 ጊዜ ነው የምትተኩሱት። ሱቅ ውስጥ የቀለለ፣ 40ኛው ላይ ክንድ ያንቀጠቅጣል።