«አባቱን ብታዪው አጥር ይዘላል»

የውሻ ራጅ አነሳለሁ ስል እዚህ ሜሪላንድ ያለው ሐበሻ ይስቃል። ቡችላ ሊገዛ ሲነሳ ግን መጀመሪያ የሚደውለው ለኔ ነው። በተለይ ጀርመን ሼፐርድ ከሆነ ወሬው አንድ ነው፦ «ኦርጅናል ነው፣ ወረቀት አለው፣ አባቱን ብታዪው አጥር ይዘላል።»

ወረቀቱ የሚናገረው ወላጆቹ እነማን እንደሆኑ ነው፤ ይህን ዘር ስለሚያስቸግረው የዳሌ መገጣጠሚያ መላላት (ሂፕ ዲስፕላዥያ) ግን ብዙ ጊዜ አንዲት ቃል የለበትም። አጥር መዝለሉም ምንም አያሳይም። ጡንቻው የዳበረ ወጣት ውሻ የላላ መገጣጠሚያ ይዞ ዓመታት ሊሮጥ ይችላል።

ራጁን ስናነሳ ውሻውን በመርፌ አፍዝዘን በጀርባው እናስተኛዋለን፤ የኋላ እግሮቹን ቀጥ አድርገን ስበን ጉልበቶቹን ወደ ውስጥ እናዞራለን። ጤነኛ ከሆነ የጭኑ አጥንት ክብ ራስ የዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ ጥልቅ ብሎ ይታያል። የታመመው ላይ ጎድጓዳው ጠፍጣፋ ነው፤ ራሱ ወደ ውጭ ሸሽቷል፤ ዳር ዳሩን ሻካራ አጥንት በቅሎበታል። ባለቤቱ «ጠዋት ሲነሳ ያነክሳል፣ ደረጃ እምቢ ይላል» ያለው ያን ጊዜ ይገባኛል።

ቡችላ ሲወለድ ዳሌው ደህና ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ሲያድግ ነው። በዘር የሚተላለፈውም በብዙ ጂኖች ስለሆነ እንዲህ በቀላሉ ተመርምሮ ቁርጡ አይታወቅም። አሜሪካ ሚዙሪ ያለው ኦኤፍኤ የሚባል የእንስሳት አጥንት ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የዳሌ ራጅ እያየ ደረጃ ይሰጣል፤ 24 ወር ላልሞላው ውሻ ግን የመጨረሻውን ውጤት አይሰጥም። እንግዲህ ውሻዋን በዓመቷ ያስወለደ ሰው ምን አይቶ ነው? ፔንሂፕ የሚባለው ዘዴ ደግሞ የመገጣጠሚያውን መላላት ከ16 ሳምንት ጀምሮ ይለካል።

ምግብም አለበት። የኛ ሰው ቡችላ ካልወፈረ የተራበ ይመስለዋል። 48 ላብራዶሮችን እስከ ዕድሜያቸው ማብቂያ በተከታተለ ጥናት፣ አብረዋቸው ከተወለዱት ጥንዶቻቸው 25 በመቶ ያነሰ የበሉት የዳሌ ችግራቸው ቀንሶ ሁለት ዓመት ገደማ በልጠው ኖረዋል።

ቡችላ ሊገዛ የተነሳውን የአክስቴን ልጅ የሁለቱንም ወላጆች የኦኤፍኤ ቁጥር ጠይቅ፣ ድረ ገጹ ላይ በነጻ ይታያል አልኩት። የወላጆቹንም እህትና ወንድሞች እይ፤ ከሁለት ጤነኞች የታመመ ሊወለድ ይችላልና። ሻጩ «ሐኪም አይቶታል» ብሎ መለሰለት። ሐኪሙ ያየው ለክትባት ነው! አሁን ሌላ አርቢ ዘንድ ተመዝግቧል፤ ወረፋው ረዘመብኝ እያለ እኔን ይነዘንዘኛል።