ትንሹ አሥራት

ፊልሞችን ወደ አማርኛ በሚመልስ አንድ አነስተኛ ቢሮ ውስጥ የግርጌ ጽሑፍ ተርጓሚ ሆኜ ስሠራ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1525 በጀርመን ምድር ስለተነሣው የገበሬዎች ዐመፅ የሚተርክ፣ ብዙ ሰው ያላየው የቆየ ፊልም ደረሰኝ። የታሪኩ እምብርት ገበሬዎቹ በዚያው ዓመት በሜሚንገን ከተማ ጥያቄያቸውን ያሰፈሩባቸው 12 አንቀጾች ናቸው። ከጸሐፊዎቻቸው አንዱ ዜባስቲያን ሎትሰር ፀጉራም ቆዳ እየሰፋ የሚተዳደር ሰው ነበረ፤ እንዲያ ያለ ጥርት ያለ ቃል ግን ከብዙ የሕግ ባለሙያ አይገኝም።

ሁለተኛው አንቀጽ ስለ አሥራት ነው። ተዋናዩ በርሜል ላይ ቆሞ በጥድፊያ ያነበዋል፤ ከሁለት መስመር በላይ ቦታ ስላልነበረኝ ታላቁንና ትንሹን አሥራት የሚለየውን ሐረግ ቆርጬ «አሥራት አንከፍልም!» ብዬ አለፍኩ። መፈክርነቱ ለጆሮ ጥሞኝ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ እነዚያው ገበሬዎች አጃ የሞላ ከረጢት ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲሄዱ ይታያሉ። እኔም በሥራ ማስታወሻዬ ላይ «ፊልሙ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ አዘጋጁ ተዘናግቷል» ብዬ ጻፍኩ።

ትርጉሙን የሚያርሙልን ጋሼ እዚያ ትዕይንት ላይ ሲደርሱ ፊልሙን አቆሙት። «አልከፍልም ያለ ሰው ምን ሊያደርግ ነው የተሸከመው?» አሉኝ። የአዘጋጁ ስሕተት ነው ስላቸው ዝም ብለው አንቀጹን እንዳወጣው ጠየቁኝ። አብረን አነበብነው። ገበሬዎቹ የእህሉን፣ ማለትም ታላቁን አሥራት፣ ለመክፈል ፈቅደዋል፤ የጠየቁት ምእመናን የመረጡት ሰው ሰብስቦ ለካህኑ መተዳደሪያ እንዲሰጥና ከተረፈውም ለድሆች እንዲከፋፈል ነው። እምቢ ያሉት እግዚአብሔር እንስሳትን ለሰው ያለ ዋጋ ፈጥሯል በማለት የከብቱን፣ ትንሹን አሥራት ብቻ ነበር።

«የእህሉን እንሰጣለን፤ የከብቱን አንሰጥም» ብዬ ሳስተካክለው አንድ መስመር እንኳ አልሞላም። ቦታ ጠበበኝ ማለቴ ሰበብ ብቻ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ሌሎቹንም መለስ ብዬ ስመረምር፣ ከገባርነት ነፃ መውጣትን በሚጠይቀው ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ለተሾመ ባለሥልጣን እንደሚታዘዙ የገለጹበትን ዓረፍተ ነገር እንዲሁ ቆርጬው አገኘሁት።

ትርጉሙ ታርሞ ወጣ። ስለ አዘጋጁ መዘናጋት የጻፍኩት ማስታወሻ ግን ለደንበኛው ከተላከ ሁለት ቀን አልፎት ስለነበር፣ የይቅርታውን ደብዳቤ በራሴ ስም ጽፌ ፈረምኩ።