ከብርድ ልብሴ ሳልወጣ

ዛሬ ጉሙ ቀድሞ ገብቷል። የጦሳ ተራራ ከነአካቴው የለም፤ የጎረቤታችን ቆርቆሮ እንኳ የሚታየው በግድ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኗል። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ነው የምጽፈው። ራስጌዬ ጋ ባለ 3 ዋት ቢጫ አምፖል በርታለች። ሲበቃኝ እጄን ሰደድ አድርጌ አጠፋታለሁ። ይሄ ለሌላ ሰው ወሬ አይደለም። እኔ ግን እዚህ ለመድረስ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል።

ቤቱን ሲያሳዩኝ ቀን ነበር። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ ግቢ ውስጥ ያለ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። መስኮቱን አየሁ፣ ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ ጠየቅኩ፣ ሽንት ቤቱን አየሁ። መብራቱን ማን ያያል? ጉዴን ያወቅኩት የገባሁ ዕለት ማታ ነው። ጣሪያው መሐል አንዲት አምፖል ተንጠልጥላለች። ማብሪያ ማጥፊያው በሩ አጠገብ ነው። አልጋው ደግሞ ከማዶው ጥግ በቀር የትም አይገባም።

ተነስቶ ማጥፋት ምን ከባድ ነገር አለው የሚል ካለ ደሴ መጥቶ ይሞክረው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ታኅሣሥ ላይ ሲሚንቶውን በባዶ እግር መርገጥ ማለት እንቅልፍን በር ድረስ ሸኝቶ መመለስ ነው። ስመለስ ደግሞ የወንበሩን እግር በጣቴ አገኘዋለሁ። ስንቱን ሌሊት መብራቱ እንደበራ ፊቴን ሸፍኜ አድሬያለሁ።

በዚያ ላይ አምፖሏ ነጭ ነበረች፤ ያ የሱቅ ነጭ። ፈተና ለማረም ደግ ናት። አርሜ ስጨርስ ግን ዓይኔ ደርቆ እንቅልፌ ይጠፋል። የባዮሎጂ አስተማሪ ስለሆንኩ ምክንያቱን ለተማሪዎቼ አሳምሬ እነግራቸዋለሁ፦ ነጩ ብርሃን ውስጥ ሰማያዊው ይበዛል፣ ሰማያዊው ደግሞ አንጎላችን ማታ የሚያመነጨውን ሜላቶኒን ያዘገያል። ለራሴ ሲሆን ግን ካርቶኗ ላይ 6500 ኬልቪን ተብሎ የተጻፈባት አምፖል ስር ቁጭ ብዬ አመሻለሁ። ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ይነጣል፣ ዝቅ ሲል ቢጫ ይሆናል።

አከራዬን እማማ ነው የምላቸው። ቁልፉን ሲሰጡኝ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "እታለም፣ ሁሉ ያንቺ ነው፤ ግድግዳዬን ግን አደራ። ሚስማር እንዳትመቺበት።" ከኔ በፊት የነበረው ተከራይ ቴሌቪዥን ልስቀል ብሎ ግድግዳውን ወንፊት አድርጎት ነው የሄደው። ስለዚህ አዲስ መስመር መዘርጋት፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ወደ አልጋው ማዞር የሚባል ነገር የለም። እኔ ማዘዝ የምችለው ከሶኬቱ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት ዲመር ያለው የጠረጴዛ መብራት ነበር። እንደ ሬዲዮ ድምፅ እያዞሩ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉበት። ደስ ብሎኝ ቤት ወሰድኩት፤ የነበረችኝን ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ከተትኩበት። ግማሽ ላይ ሳደርሰው መንቀጥቀጥ ጀመረች። እንደ ንብም ድዝ ትላለች። ይዤ ስመለስ ባለሱቁ ልጅ ሳቀ። ተራ ኤልኢዲ ዲመር አይወድም አለኝ። የድሮው አምፖል ውስጡ የሚግለው ሽቦ ነው፤ ኃይል ሲቀንሱበት ዝም ብሎ ይደበዝዛል። ኤልኢዲ ግን የራሷ ትንሽ ሰርኪዩት አላት፤ ዲመሩ ኤሌክትሪኩን ሲቆራርጥባት ግራ ይገባታል። ዲመር እንደምትቀበል ካርቶኗ ላይ ካልተጻፈ አይሆንም።

"የምትቀበለዋ አለችህ?" አልኩት።

"ከአዲስ አበባ ካላስመጣን።"

እውነቱን ለመናገር ግቢያችን ውስጥ አንድ ዲመር አለ። እማማ ናቸው። እንጀራ ሊጋግሩ ምጣዱን ሲሰኩ ማድ ቤት ያለው የድሮ አምፖል ወዲያው ይገረጣል። ሲነቅሉት ይፈካል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይበላል፤ በግቢያችን ቀጭን መስመር ላይ ቮልቴጁን ይዞት ይወርዳል። የኔ ኤልኢዲ ግን ንቅንቅ አትልም። የማትፈልገውን ነገር ቻይ ናት።

ቀጥሎ የብልጭታው ጉዳይ መጣ። የጣሪያዋን አምፖል አጥፍቼ እተኛለሁ። ትንሽ ቆይታ ብልጭ። ደግሞ ትንሽ ቆይታ ብልጭ። መጀመሪያ ዓይኔ መሰለኝ። ለእማዬ ብነግራት ጠበል ሂጂ ስለምትለኝ አልነገርኳትም። መጨረሻ ላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነ የሰፈር ልጅ ጠራሁ። ቴስተሩን ወዲህ ወዲያ አስገብቶ አየና "አብሽሪ፣ ጂን አይደለም" አለኝ። ማብሪያ ማጥፊያው የሚቆርጠው ኤሌክትሪኩን የሚያመጣውን ሽቦ፣ ፌዙን ሳይሆን የሚመልሰውን፣ ኒውትራሉን ኖሯል። ማለትም መብራቱ ጠፍቶም ኤሌክትሪኩ አምፖሏ ድረስ መጥቶ ቆሞ ነው የሚያድረው። ኤልኢዲ ጥቂት ስለሚበቃት የምታገኛትን እያጠራቀመች ብልጭ ትላለች።

ብልጭታው ሳይሆን ሌላው ነው ያስደነገጠኝ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ወንበር ላይ ቆሜ አምፖል የቀየርኩት ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፍቼ፣ "ጠፍቷል" ብዬ ተማምኜ ነው። ልጁ ሽቦዎቹን አስተካከለ፤ ግድግዳ የሚባል አልተነካም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ቆጣሪው ጋ ያለውን ዋና ማጥፊያ ሳላወርድ አምፖል አልነካም። የተከራየ ሰው ሁሉ ይሄን አንድ ነገር ቢያስመረምር ደስ ይለኛል። የቤቱን መስመር ማን እንደዘረጋው፣ መቼ እንደዘረጋው በምን እናውቃለን?

ሦስተኛው ጀብዱ ሪሞት ያላት አምፖል ነበረች። በስልክ የሚታዘዙም አሉ፤ አብዛኞቹ ግን ዋይፋይ ይፈልጋሉ። እኔ ጋ ያለው የስልክ ካርድ ነው። ባለሪሞቷን ጣሪያው ላይ አስገባኋት። የመጀመሪያው ሳምንት ንግሥት ሆንኩ። ከብርድ ልብስ ውስጥ ቢጫ፣ ነጭ፣ ደብዘዝ፣ ጠፋ። ከዚያ አንድ ምሽት ኃይል ተቋረጠ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መጣ። አምፖሏም መጣች፤ በሙሉ ኃይሏ፣ ነጭ ሆና። ቤቱ የተቃጠለ መስሎኝ ዘልዬ ተነሳሁ። ነገሩ ቀላል ነው። እሷ የምታውቀው ኃይል ተቋርጦ መመለሱን ብቻ ነው። ሰው ግድግዳው ላይ ያበራት ይሁን መስመሩ ተመልሶ ይሁን በምን ለይታ? የመጨረሻ ሁኔታቸውን የሚያስታውሱ አሉ፤ የኔዋ ግን ረሺ ናት። መብራት ደጋግሞ በሚሄድበት አገር ይሄ ሳይጠየቅ አይገዛም።

እሱ ሳያንስ እማዬ ከኩታበር መጣች። እሷ ከቤት ስትወጣ ግድግዳው ላይ ቀጭ ሳታደርግ አትወጣም። ማታ ሪሞቱን ብጫን ብጫን የለም። ግድግዳው ላይ ከጠፋ ሪሞቱ ምን ያዝዛል? "እማዬ፣ እሱን አትንኪው፣ ሁሌ እንደበራ ይሁን" አልኳት። "ሁሌ ይብራ? የማን ሀብት ነው?" አለችኝ። ቦርሳዋ ውስጥ እስካሁን ሻማ አለ። በ2014 ኅዳር ደሴ በጦርነቱ ምክንያት በጨለማ በነበረችበት ጊዜ እኔ ጋ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ሻማ አትንቀሳቀስም። ሪሞቱን መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት።

በመጨረሻ የዳንኩት በዲቫይደር ነው። አምስት ሜትር ገመድ ያለው፣ ሦስት ሶኬት፣ ለእያንዳንዱ ሶኬት የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ። ገመዱን በግድግዳው ግርጌ፣ በቁምሳጥኑ ጀርባ አሳልፌ አልጋው ራስጌ አመጣሁት። ምንጣፍ ስር አልቀበርኩትም፤ እየተረገጠ ሲላጥ አይታይም። ሦስት የጠረጴዛ መብራት ሰካሁበት፦ ባለ 3፣ ባለ 5 እና ባለ 9 ዋት። ዲመር አጥቼ ያለቀስኩት ለምን ነበር? ሦስቱን እያቀያየርኩ ሳበራ ሰባት ዓይነት የብርሃን መጠን አገኘሁ። 3 ብቻዋን ለመጻፍና ለማሰብ። 5 ለማንበብ። 9ኟ ከ5ቷ ጋር ለማረም። ሦስቱም የሚበሩት እንግዳ ሲመጣ ነው። ሁሉም 2700 ኬልቪን ናቸው፤ ቢጫ፣ የማታ ብርሃን። ባለ 9ኟን ጠረጴዛ ላይ አላነጣጥራትም። የክፍሌ ግድግዳ ከወገብ በታች ጥቁር አረንጓዴ ዘይት ቀለም ነው፤ ብርሃን ይውጣል። ከላይ ክሬም ነው። አንገቷን ወደ ላይ ሳዞራት ክሬሙ ተቀብሎ ክፍሉን ሁሉ ያካፍላል።

ዲቫይደሩ ላይ ግን ከመብራትና ከስልክ በስተቀር ምንም አልሰካም። አንድ ቀን ጎረቤቴ ምጣድ ልሰካበት ስትል እንዴት እንደጮህኩ እስካሁን ታነሳብኛለች።

ባለ 5ቷ ቻርጅ የምትይዝ ናት። ኃይል ሲቋረጥ እሷ ትቀጥላለች። የግቢው ልጆች ነቅለው በእጃቸው ሲይዟት ስለምትበራ "አስማተኛ" ይሏታል። ሁለቱን ጫፎቿን መዳፋችን ሲያገናኛቸው መስመር ላይ ያለች መስሏት ነው የምትበራው። ይሄንን እንዳስረዳቸው ግን አልፈለጉም።

ኮምቦልቻ ያለችው እህቴም ቢጫ አስገብታለች፤ በሌላ ምክንያት። ሐረጎን ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። ሙቀቱ መስኮት ያስከፍታል፤ ነጩ አምፖል ደግሞ በራሪውን ሁሉ ይጠራል። ቢጫውን ስታደርግ ቀነሰላት። አጎበሩን ግን አልተወችም፤ ደግ አደረገች።

እማማ መጀመሪያ ሦስት መብራት ባንዴ በርቶ ሲያዩ "ቆጣሪው!" አሉ። ቆጣሪያችን አንድ ነው፤ አራት ቤት እንጋራዋለን። ታሪፉ ደግሞ በደረጃ ነው። የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ርካሽ ነው፤ ከዚያ እየጨመረ ይሄዳል። አራታችን ባንድ ላይ ስንቆጠር ርካሹን ወዲያው እናልፈዋለን። ወረቀት አውጥቼ አሰላሁላቸው። የማድ ቤቱ 60 ዋት አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት። የኔ ሦስቱም ባንድ ላይ ተደምረው 17 ዋት ናቸው፤ ይኸው 5 ሰዓት ቢበሩ 2.55። ወረቀቱን አላዩትም። ፊቴን ነው ያዩት። በማግስቱ ግን የማድ ቤቱ አምፖል ተቀይሯል።

አንድ ያልተናገርኩት ነገር አለ። በሩ አጠገብ ሰው ሲያልፍ የሚበራ ትንሽ መብራት ለጥፌ ነበር፤ ሌሊት ለሽንት ስነሳ ብዬ። በሁለቱም ፊት በሚያጣብቅ ፕላስተር። ቻርጅ ላድርጋት ብዬ ስነቅላት ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተከትሏት መጣ። መዳፍ የሚያክል። መብራቷን አሁን ቁምሳጥኑ ጎን ላይ አድርጌያታለሁ። ግድግዳው ላይ ደግሞ የቀን መቁጠሪያ ለጠፍኩበት።

ትናንት እማማ ቡና ሊጠጡ መጡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ዲቫይደሩን እንደ ሕፃን ቀጭ ቀጭ አደረጉት። ለሱብሂ ሲነሱ ጉልበታቸው አልታዘዝ ይላቸዋል፤ በጨለማ ግድግዳ እየዳበሱ ነው ማብሪያው ጋ የሚደርሱት። "ለኔም እንዲህ አድርጊልኝ፣ እታለም" አሉኝ።

"እሺ እማማ። ራስጌው ጋ የሚይዘው ነገር ካልተገኘ ግን ሚስማር ሊያስፈልግ ይችላል።"

"ምቺው እንጂ! ግድግዳው የራሴ አይደል?"

ሲወጡ በሩ ጋ ቆም አሉ። የቀን መቁጠሪያውን አዩት። "ይሄ ያለፈው ዓመት ነው'ኮ" አሉና ሄዱ። ቅዳሜ እሠራላቸዋለሁ። ገመዱንም ገዝቻለሁ። የቀለሙን ጉዳይ የዚያን ቀን እነግራቸዋለሁ፤ ሚስማሩን ከመታሁ በኋላ።